«ልጆች ናቸው» እስከ ስንት ዓመት ነው?

ባለታክሲው (ሞንትሪያል)፦
ትናንት ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ይዘን የሆኪ ቡድናችን የካናዲየንስ ነገር ተነሳ። አንዱ ወንድማችን «በ2025 ፕሌይኦፍ (አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት የዋንጫ ዙር) ዋሽንግተን በ5 ጨዋታ ያሰናበተን እኮ ልጆች ስለሆኑ ነው፤ አይፈረድባቸውም» አለ። ሌላውም፣ ሌላውም «እውነት ነው፣ ልጆች ናቸው» እያለ ተቀበለው። ሻዩ አልወርድ አለኝ። ካፒቴኑ ሱዙኪ 25 ዓመቱ ነው። ኮፊልድ 24 ነው። እኔ በ24 ዓመቴ ካርቱም ሆቴል ውስጥ ሳህን እያጠብኩ ለእናቴ ብር እልክ ነበር። «ልጅ ነው፣ አይፈረድበትም» ያለኝ የለም። ቡድኑን እወደዋለሁ፤ ዘንድሮ አስደስቶኛል። ግን በዚህች ቃል ስንቱ እንደሚያመልጥ አያችሁ? ሥራ አስኪያጁ ሂዩዝ ያመልጣል። አሰልጣኙ ሴንት ሉዊ ያመልጣል። ተጫዋቹ ያመልጣል። የማናመልጠው ቲኬት የምንገዛው ብቻ ነን።

ታጋሹ (ሞንትሪያል)፦
«አንዱ ወንድማችን» እኔ ነኝ። ጋሼ፣ እዚያው ብትነግረኝ ምን ነበር? ሻዩን የቀዳሁልህ እኮ እኔ ነኝ።

አሁን ቁጥር ልቁጠርልህ። በ2021 ለሆኪው ዋንጫ ለስታንሊ ካፕ ፍጻሜ ደርሰን በታምፓ ተሸነፍን። በዓመቱ 55 ነጥብ ይዘን ከ32 ቡድን መጨረሻ ወጣን። ቤቱ ፈረሰ። ከዚያ 68። ከዚያ 76። ዘንድሮ 91 እና ፕሌይኦፍ። ላይን ሃትሰን ደግሞ በድራፍት (ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት) 62ኛ የተጠራ ልጅ ነው፤ ቁመቱ አጭር ነው ተብሎ ስንቱ አለፈው። ዘንድሮ 60 አሲስት ሰጠ። ከጀማሪ ተከላካይ እሱን የሚስተካከለው ላሪ መርፊ ብቻ ነው፤ የሚበልጠው የለም። የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ የሚያገኘውን የካልደር ሽልማትን ወሰደ። ከካናዲየንስ ቤት ይህን ሽልማት መጨረሻ የወሰደው ኬን ድራይደን ነበር፣ በ1972። ታዲያ ይሄን ልጅ «ልጅ» ማለት ስድብ ነው?

ባለታክሲው፦
ሃትሰን 21 ነው። እሱን ልጅ በለው፣ እፈርምልሃለሁ። እኔ ያልኩት ሱዙኪን ነው። አንተ የጠየቅኩህን ትተህ ያልጠየቅኩህን ትመልሳለህ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ከዋሽንግተን ሰላምታ ይድረሳችሁ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። እኛ ያሸነፍናችሁ ልጆች ስለሆናችሁ አይደለም፤ ስለምንበልጣችሁ ነው። 111 ነጥብ ነበረን። በፋሲካ ማግስት፣ ዶሮው ገና ከሆዳችን ሳይወርድ፣ ኦቬችኪን በ39 ዓመቱ በጭማሪ ሰዓት ጨረሰላችሁ። ለእሱ ማን «ሽማግሌ ነው፣ አይፈረድበትም» አለ?

ታጋሹ፦
ያቦካችሁት እንጀራ ካሮላይና ላይ ሲደርስ ምነው ሻገተ? እናንተም በ5 ጨዋታ ነው የወጣችሁት።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
በሁለተኛው ዙር ነው እንጂ በመጀመሪያው አይደለም። ደግሞ የ2018 ዋንጫ አለን። የናንተ መጨረሻ መቼ ነበር? 1993? ያኔ እኔ ገና አዲስ አበባ አራተኛ ክፍል ነበርኩ።

እቴ ስካርቦሮ፦
ተዉ እናንተ። እኔ የምናገረው ከደረሰብኝ ነው። ቶሮንቶ በ2017 በመጀመሪያው ዙር በዚሁ በዋሽንግተን በ6 ጨዋታ ተሸነፈ። ማቲውስ 19፣ ማርነር 19፣ ኒላንደር 20 ዓመታቸው ነበር። ከተማው ሁሉ ምን አለ? «ልጆች ናቸው! የወደፊቱ የእኛ ነው!» እኔም አልኩ። ባለቤቴ የማቲውስን ማሊያ ገዛልኝ። አሁን ማቲውስ 27 ነው፤ ማሊያው ታጥቦ ታጥቦ ቁጥሩ ተላጠ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያለፍነው ሁለት ዙር ብቻ ነው። ዘንድሮም ፍሎሪዳ በ7ኛው ጨዋታ እቤታችን መጥቶ 6 ለ 1 ሸኘን። «ልጆች ናቸው» ስትሉ የምሰማው የራሴን ድምፅ ነው። ልጅነት ሳታዩት ነው የሚያልፈው።

ታጋሹ፦
እቴ፣ ከ1967 ጀምሮ ዋንጫ ያላየ ቤት ምክር ይሰጣል?

እቴ ስካርቦሮ፦
አዎ፣ ይሰጣል። በመሸነፍ ከእኛ በላይ የተማረ የለም።

ባለታክሲው፦
እግዜር ይስጥሽ እቴ። አሁን ወደ 91 ነጥቡ እንመለስ። ታጋሹ ነጥቡን ነገረን፤ ጎሉን አልነገረንም። 245 አገባን፣ 265 ገባብን። ሲቀነስ 20 ነው! ካገባው በላይ የገባበት ቡድን «አደገ» ይባላል? እኔ በወር መጨረሻ ያወጣሁት ካስገባሁት ሲበልጥ ባለቤቴ «አደግህ» አትለኝም።

ታጋሹ፦
ዓመቱን ሙሉ አንድ ላይ ጨፍልቀህ ነው የደመርከው። እስከ የካቲቱ እረፍት 25 አሸንፈን 31 ጊዜ ተሸነፍን። ከእረፍቱ በኋላ በ26 ጨዋታ 15 ጊዜ አሸነፍን፤ በመደበኛ ሰዓት የተሸነፍነው 5 ጊዜ ብቻ ነው። ያው ቡድን፣ ያው አሰልጣኝ፣ ያው ልጆች። ይሄ ካላደገ ምን ይባላል?

የኔ ልጅ እዚህ ሰፈር ሜዳ ላይ ስትጀምር ወንበር እየገፋች ነበር በበረዶው ላይ የምትሄደው። እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ እጄ ደንዝዞ፣ የበረዶ ጫማዋን ክር በጣቴ ስስብ ጥፍሬ ይገነጠል ነበር። ሳላጠብቅላት ቁርጭምጭሚቷ ይታጠፋል፤ አጥብቄ ባስርላት ታለቅሳለች። ሁለት ክረምት ሙሉ ወንበር ገፋች። አንድ ቀን ማንም ሳይነግራት ወንበሩን መሃል ሜዳ ላይ ትታው ሄደች። እኔ ክሩን እያሰርኩ ይሄ ቀን ይመጣል ብዬ አላውቅም ነበር። ካናዲየንስ ዘንድሮ በመጋቢት ወንበሩን ለቀቀው፤ ሌላ አላልኩም።

ባለታክሲው፦
ልጅህ ትደግልህ። ግን ወንበር ስትገፋ በዓመት 7.6 ሚሊዮን ዶላር አልተከፈላትም። የእኛው ተጫዋች ስላፍኮቭስኪ ከመጪው ወቅት ጀምሮ ይከፈለዋል፣ ለ8 ዓመት። ዘንድሮ ጎልና አሲስት ተደምሮ 51 ነጥብ ሠራ። ጥሩ ነው፤ ክፉ አይደለም። ግን በ7.6 ሚሊዮን ልጅ አይኮንም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
😂 በ7.6 ሚሊዮን እኔም ወንበር እገፋለሁ።

የኦታዋው፦
እኔ የመጣሁት ከሌላ በሽታ ነው። እኛ ሥራ አስኪያጅ ነበረን፣ ዶርየን የሚባል። በ2021 ተነስቶ መልሶ ግንባታው አብቅቷል አለ። ካለ በኋላ 3 ዓመት ተከታትሎ ፕሌይኦፍ አልገባንም፤ እሱም በመሃል ተሰናበተ። ስለዚህ ታጋሹ፣ «ልጆች ናቸው» ማለት ያናድዳል፤ «አድገዋል» ማለት ደግሞ ያዋርዳል። እኛ ሁለቱንም ቀምሰናል።

ታጋሹ፦
እኔ «አድገዋል፣ አልቋል» አላልኩም። እያደጉ ናቸው ነው ያልኩት።

ባለታክሲው፦
ይኸው! «ልጆች ናቸው» ቀረና «እያደጉ ናቸው» ሆነ። ነገ ደግሞ «ጥርስ እያወጡ ነው» ይለናል።

ታጋሹ፦
ጋሼ፣ የምታከብረኝ መስሎኝ ነበር።

ባለታክሲው፦
አከብርሃለሁ። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው። አራተኛውን ጨዋታ ታስታውሳለህ? የዳግም ትንሣኤ እሑድ ነበር። እኔ ቤል ሴንተር አጠገብ መኪናዬን አቁሜ በፈረንሳይኛ ሬዲዮ እሰማለሁ። 21 ሺህ ሰው ውስጥ አለ፤ ድምፁ ከግንቡ አልፎ በመስታወቴ ይገባል። ከሬዲዮው ሦስት አራት ሰኮንድ ይቀድማል፤ ጎል መግባቱን የምሰማው ከግንቡ ነው። 2 ለ 1 እየመራን ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ገባ። ከዚያ ግንቡ ዝም አለ። በሬዲዮ ስሰማ የእነሱ ዊልሰን የእኛን ካርየርን በትከሻው ገጭቶ ጥሎታል፤ ፓኩ (የሆኪው ኳስ) የእነሱ ዱሄም ጋ ደርሶ 2 ለ 2 ሆኗል። ሊያልቅ 4 ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው የእነሱ ማንጃፓኔ አገባ። መጨረሻው 5 ለ 2።

አሁን ልጠይቅህ። ካርየር 28 ዓመቱ ነው። ማቴሰን 31። አንደርሰን 31። ጋላገር 33። በዚያች ምሽት የወደቀው ቡድን ውስጥ እነዚህ ሁሉ ነበሩ። የትኛው ነው ልጅ?

ሳይጨርሱ ሰው መውጣት ጀመረ። አንድ አባት ልጁን ይዞ ገባልኝ፤ ልጁ 7 ዓመት ቢሆነው ነው፣ 48 ቁጥር የሃትሰን ማሊያ ለብሷል፣ እጅጌው እስከ ጣቱ ይወርዳል። «ለምን ተሸነፍን?» አለ። አባቱ «ገና ልጆች ናቸው» አለው። ልጁ ዝም አለ፤ ገባው። ለ7 ዓመት ልጅ የሚነገር ነገር ነው። እኛን ምን ነካን?

እቴ ስካርቦሮ፦
ይሄን አንብቤ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ።

ታጋሹ፦
ጥሩ አድርገህ ነገርከን፣ አልክድም። ግን ካርየርን የገጨው ምን እንደነበር እናንተ ሁላችሁ አይታችኋል። ያ ፋውል ነው። ዳኛው ዓይኑን ጨፈነ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ንጹሕ ግጭት ነው። ጭንቅላቱን አቀርቅሮ የሚጫወት ሰው ሆኪ ሳይሆን ዳማ ይጫወት።

ታጋሹ፦
ተጎድቶ ከሜዳ በወጣ ሰው ላይ እንዲህ ይባላል? አንተ ሰው ነህ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ጉዳቱ አሳዝኖኛል። ጎሉ አስደስቶኛል። ሁለቱም በአንድ ሆድ ይገባሉ።

ባለታክሲው፦
ዳኛውን ተዉት። በ2023 ድራፍት በ5ኛው ምርጫ ሚችኮቭ ፊታችን ቁጭ ብሎ ነበር። አልፈነው ራይንባከርን ወሰድን። ፊላደልፊያ 7ኛ ላይ አነሳው፤ ዘንድሮ በመጀመሪያ ዓመቱ 26 ጎል አገባ። ይሄንንም ልጆቹ ናቸው ያጠፉት? የመረጠው ሂዩዝ እኮ ልጅ አይደለም።

ታጋሹ፦
ደግሞ ሚችኮቭ! ሁለት ዓመት ሙሉ ሚችኮቭ! ራይንባከር ተከላካይ ነው፣ ጉልበቱን ተጎድቶ ነው። ደግሞ ሂዩዝ በዓመቱ በዚያው 5ኛ ምርጫ ዴሚዶቭን አገኘ። ሚያዝያ ላይ መጣ፣ 19 ዓመቱ ነው፣ በመጀመሪያ ጨዋታው ቺካጎ ላይ አንድ ጎልና አንድ አሲስት።

ባለታክሲው፦
ያን ጨዋታ በመለያ ምት ተሸነፍን። በቺካጎ! ከሊጉ ጭራ ከነበረ ቡድን!

ታጋሹ፦
ከሁለት ቀን በኋላ ካሮላይናን 4 ለ 2 አሸንፈን ፕሌይኦፍ ገባን። እሱንም ጻፈው።

ቦሌ መድኃኔዓለም፦
ይቅርታ፣ ስለ በረዶው ጨዋታ ብዙ አላውቅም። የአክስቴ ልጅ ነው ወደዚህ የጎተተኝ። ግን ይሄ ሁሉ እኮ የአርሰናል ታሪክ ነው። እኛም ከፕሪሚየር ሊጉ በዕድሜ ትንሹ ቡድን የነበረን ጊዜ ነበር። የ2021ዱን ወቅት በሦስት ሽንፈት ጀመርን፣ ሲቲ 5 አገባብን። «ሂደቱን እመኑ» ተባልን፣ አመንን። እስከ 2025 ድረስ 3 ዓመት በተከታታይ 2ኛ ወጣን።

የኦታዋው፦
ወንድሜ፣ ይሄ ማጽናኛ ነው ወይስ ማስፈራሪያ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ሁለተኛ ለወጣ የሚሰጥ ዋንጫ ካለ አሳየን።

ቦሌ መድኃኔዓለም፦
ቢያንስ እኛ ደረጃው ላይ ነን። ማንቼ ዘንድሮ ስንተኛ ወጣ? 15ኛ!

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ማን ነገረህ የማንቼ ደጋፊ እንደሆንኩ?

ቦሌ መድኃኔዓለም፦
አጻጻፍህ።

እቴ ስካርቦሮ፦
እባካችሁ እዚህ ደግሞ አርሰናልና ማንቼ አታምጡብን። በሆኪ ብቻ እንቃጠል።

የኦታዋው፦
እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ጋሼ፣ አንተ ምን ቢሆን ነበር የምትረካው? ዘንድሮ ማለቴ ነው። ዋሽንግተንን ማሸነፍ?

ባለታክሲው፦
አይደለም። 111 ነጥብ ካለው ቡድን ጋር መሸነፍ አያሳፍርም። የምረካው ከአራተኛው ጨዋታ በኋላ አንዱ ወጥቶ «መምራት እንጂ ማስጠበቅ አላወቅንበትም፤ ጥፋቱ የእኛ የትልልቆቹ ነው» ቢል ነበር። ያን ባገኝ «ልጆች» የሚለውን ቃል እኔው ራሴ አነሳላችሁ ነበር።

ታጋሹ፦
አንተ የምትፈልገው ንስሐ ነው፣ ሆኪ አይደለም።

ባለታክሲው፦
ሱዙኪ ነሐሴ ላይ 26 ይሞላዋል። እስከዚያ «ልጆች ናቸው» በሉ፣ ፈቅጃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አዳራሹ ውስጥ ይህን ቃል ያነሳ ሰው አጠገብ አልቀመጥም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ኦቬችኪን ደግሞ መስከረም ላይ 40። ለልደቱ ኑ፣ ኬኩን ከልጆቹ ጋር እንቆርሳለን።

ታጋሹ፦
ጋሼ፣ እሑድ ሻይህን ራስህ ቅዳ።