የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ታሪክና ለሕክምና ያበረከተው ምንድን ነው?

መምህር ከአዘዞ፦

ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። የጤና ክበባችን ተማሪዎች በአገራችን ስለሚገኙ የሕክምና ምርምር ተቋማት አጥንተው ለጓደኞቻቸው ሊያቀርቡ ተዘጋጅተዋል። አንደኛው ቡድን የመረጠው አዲስ አበባ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ የሚገኘውን አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ ብዙ ሰው አህሪ ብሎ የሚጠራውን ነው። ልጆቹ ያሰባሰቡት ጽሑፍ ግን በአብዛኛው የተመሠረተበትን ዓመትና የደጋፊዎቹን ስም የሚዘረዝር ስለሆነ አንዲት ተማሪ «ታዲያ በዚህ ሁሉ ምርምር የተጠቀመው ታማሚ ማን ነው?» ስትል ጠይቃለች፤ ጥያቄዋ በደንብ የታሰበበት መልስ እንዲያገኝ እፈልጋለሁ።

ተቋሙ ለምን እዚያ ቦታ ተቋቋመ? ካገኛቸው ውጤቶች ውስጥ የታማሚን ሕክምና የለወጠው የትኛው ነው? ለጎንደር ልጆችስ በምን በኩል ቢቀርብላቸው ይሻላል? የምታውቁ ብታስረዱን ትልቅ ውለታ ነው።

ላቦራቶሪ ከማራኪ፦

ውድ መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀችው ዋናውን ነገር ነው፤ ሆኖም መልሱ እንዲገባ አስቀድሞ ኢንስቲትዩቱ ሊያጠናው የተቋቋመለትን በሽታ፣ የሥጋ ደዌን፣ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። የሥጋ ደዌን የሚያመጣውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 በኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ያገኘው ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን የተባለ ሐኪም ነው፤ ኢንስቲትዩቱም የተሰየመው በእርሱ ስም ነው። ተሐዋሲው ከታወቀ ይህን ያህል ዘመን ቢያልፍም እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች በቤተ ሙከራ ውስጥ በሚዘጋጅ ምግብ ላይ ማሳደግ አልተቻለም። አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይወስድበታል፤ ሰው ከተያዘ በኋላም ምልክቱ እስኪወጣ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። እንዲህ ያለውን በሽታ የሚያጠና ተመራማሪ ታማሚው ወዳለበት ሄዶ፣ ከሐኪሙ ጋር እየተመካከረ፣ ዓመታትን መቀመጥ ይኖርበታል።

የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተስማምተው እ.ኤ.አ. በ1970 ኢንስቲትዩቱን ከአለርት አጥር ጎን የመሠረቱት በዚሁ ምክንያት ነው። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመ የሥጋ ደዌ ሕክምናና የመላው አፍሪካ ማሠልጠኛ ማዕከል ስለነበር ሐኪሙም ታማሚውም እዚያው ነበሩ። የበርገን ዩኒቨርሲቲም ባለሙያዎችን በመላክ ረድቷል።

ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራዎች እኔ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ቶሬ ጎዳል የተባለው ኖርዌያዊ ሐኪም ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመውን ጥናት ነው። ከጤነኛ ሰዎች ደም ነጭ የደም ሕዋሳት ተወስደው ከሥጋ ደዌ ተሐዋሲ ጋር እንዲገናኙ ይደረጋል፤ ሕዋሳቱ ያንን ተሐዋሲ ከዚህ ቀደም ያውቁት ከሆነ ይነቃቁና ይባዛሉ፤ የማያውቁት ከሆነ ዝም ይላሉ። ከታማሚዎች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ በሥራ ከተቀራረቡ ሰዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ሕዋሳታቸው ምላሽ ሰጠ። እነዚህ ሰዎች ግን አልታመሙም። ተሐዋሲው ከሚታሰበው በላይ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ፣ ነገር ግን የብዙው ሰው ሰውነት በራሱ ኃይል እንደሚያሸንፈው ከዚህ ተረዱ። ታማሚን ከቤተ ዘመዱ ለይቶ ከከተማ ውጭ ማስቀመጥ ለዘመናት ትክክል ይመስል በነበረበት ዓለም ይህ ቀላል ግኝት አይደለም።

ሁለተኛው ነገር መድኃኒቱን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ታማሚ ይወስድ የነበረው ዳፕሶን የተባለውን አንድ መድኃኒት ብቻ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት፣ አንዳንዱም ዕድሜ ልኩን። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአለርት የሚሠሩ ሐኪሞች መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰዱ በሽታው የሚመለስባቸውን ሰዎች ሲከታተሉ ተሐዋሲው ዳፕሶንን መቋቋም እንደ ጀመረ አረጋገጡ። የባሰው ደግሞ መድኃኒቱን ቀምሰው በማያውቁ አዳዲስ ታማሚዎችም ላይ የተላመደው ተሐዋሲ መገኘቱ ነው። ማረጋገጫው የታማሚውን ተሐዋሲ በአይጥ መዳፍ ላይ ወግቶ ወራት መጠበቅን ይጠይቅ ስለነበር ትዕግሥቱ ራሱ የሚደነቅ ነው። ተመሳሳይ መረጃ ከሌሎች አገሮችም ሲመጣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን ተጣምረው እንዲሰጡ መከረ። ስለዚህ ለተማሪዎ «የተጠቀመው በጥቂት ወራት ድኖ ወደ ሥራው የተመለሰው ሰው ነው» ብለው ሊነግሯት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 በዓለም ከ5 ሚሊዮን በላይ የተመዘገቡ ታማሚዎች ነበሩ፤ ዛሬ በዓመት የሚገኙት አዳዲስ ታማሚዎች 200 ሺህ ገደማ ናቸው። ውጤቱ የብዙ አገሮች ድምር ነው፤ የአዲስ አበባው ድርሻ ግን በግልጽ የሚታይ ነው።

ጡረተኛ የጤና መኮንን፦

ልጄ ከማራኪ የጻፍሽውን በደስታ አነበብሁ። እኔ የተማርሁት እዚሁ ጎንደር፣ በጤና ኮሌጁ ነው። መምህር ሆይ፣ ልጆቹ የራሳቸውን ከተማ እንዳይዘነጉ አደራ እላለሁ፤ ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ከዚያ በፊት በደንቢያ ሜዳ ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነው። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ጋር ሆኖ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ በየጤና ጣቢያው አሰማራ። ምርምር የሚያገኘውን ወደ ገጠር ይዞ የሚወርድ ሰው ከሌለ ግኝቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

አለርት የቆመበትም ቦታ ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አልጀመረም። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እዚያ በተሠራው የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ምክንያት ነው፤ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ከየክፍለ ሀገሩ እየተጓዙ፣ ከጎንደርም ጭምር፣ በዙሪያው ሰፈሩ። አገራቸው መመለስ የማይችሉ ብዙዎች ነበሩ። በእኛ ከተማ በየደብሩ ደጃፍ የሚቀመጡትን የዕድሜ እኩዮቼ ሁሉ ያስታውሷቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የተጣመረው መድኃኒት ተሐዋሲውን ይገድላል እንጂ የሞተውን ነርቭ አያስነሣም። እጁ ስሜት ያጣ ሰው ከዳነ በኋላም ምጣድ ሲያቃጥለው ላያውቅ ይችላል። ነርቭን የሚጎዳው ብግነት ተሐዋሲው ከሞተ በኋላም ሊነሣ ስለሚችል ይህን ማጥናት ገና ያላለቀ ሥራ ነው፤ ልጆቹ «በሽታው አለቀለት» ብለው እንዳያቀርቡ።

መምህር ከአዘዞ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጋሼ፣ የደንቢያውን ታሪክ ጨምረን እናቀርባለን። ኢንስቲትዩቱ ከሥጋ ደዌ ውጭስ ምን ሠርቷል? በጎንደር ዛሬ የሚካሄድ ተመሳሳይ ምርምር አለ?

ላቦራቶሪ ከማራኪ፦

ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ2004 በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ከሆነ ወዲህ ሥራው በጣም ሰፍቷል፤ ሳንባ ነቀርሳ፣ ወባ፣ ሊሽማንያሲስ፣ ኤችአይቪ፣ የክትባትና የመድኃኒት ሙከራ ሁሉ ይገኙበታል። ወደ ሳንባ ነቀርሳ መሻገሩ ድንገተኛ አልነበረም፤ የሁለቱ በሽታዎች ተሐዋሲዎች የአንድ ወገን ዘመዳሞች ስለሆኑ ለአንዱ የተገነባው ዕውቀት ለሌላው አገልግሏል። መድኃኒት የተላመደ ሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ቀድሞ 20 ወር ገደማ ይታከም ነበር። ከ9 እስከ 11 ወር የሚፈጀው ሕክምና ከረዥሙ እንደማያንስ ያሳየውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ስትሪም የተባለ ሙከራ በአራት አገሮች ሲካሄድ ከተካፈሉት አንዱ አህሪ ነው።

ሲስተር ከጎንደር፦

የጎንደሩን እኔ ልመልስ። ይህ የአህሪ ሳይሆን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሊሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ሥራ ነው፤ መንገዱ ግን ያው ነው፤ ምርምሩ የሚካሄደው ታማሚው ተኝቶ በሚታከምበት ቤት ነው። የሊሽማንያሲስ አንዱ ዓይነት የሆነው ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ለሳምንታት የሚያተኩስ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥና ሰውን የሚያመነምን፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። ከደጋ ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በብዛት ይያዛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በሊቦ ከምከም በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ነበር።

ቀድሞ ሕክምናው ለ30 ቀን በየቀኑ የሚወጋ፣ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ የሚችል የአንቲሞኒ መርፌ ነበር። ጎንደር በተካፈለበት የምሥራቅ አፍሪካ ሙከራ መርፌው ፓሮሞማይሲን ከተባለ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ 17 ቀን እንደሚበቃው ታየና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 መከረበት። በየቀኑ የሚያገኘው ገንዘብ ለቤተሰቡ ቀለብ የሚሆን ወጣት ከሆስፒታል 13 ቀን ቀድሞ መውጣቱ ምን ማለት እንደሆነ ታማሚን ያስተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ካላዛርና ኤችአይቪ ለተደራረቡባቸው ሰዎችም በጎንደርና በአብደራፊ የተካሄደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ለወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው።

የሕግ ተማሪ፦

ተማሪዎቹ አንድ ነገር እንዳይዘሉ እጠይቃለሁ። ሐንሰን ራሱ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ለማረጋገጥ ከአንዲት ታማሚ ፈቃድ ሳይጠይቅ ዓይኗ ላይ የበሽታውን ነገር በመውጋቱ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ1880 ፍርድ ቤት ከሆስፒታል ሥራው አሰናብቶታል። ታላቅ ግኝቱ ጥፋቱን አላስረሳለትም፤ ሊያስረሳለትም አይገባም። ሲስተር የጠቀሱት ወጣት ሠራተኛ ማንበብ የማይችል ቢሆን እንኳ በምርምሩ ለመካፈል የሚሰጠው የፈቃድ ቅጽ በሚገባው ቋንቋ ይነበብለታል፣ እምቢ ቢልም ሕክምናው አይቋረጥበትም፤ ይህ መብቱ ነው። የምርምር ተሳታፊዎችን መብት የሚጠብቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ምን እንደሚሠራ ለልጆቹ ማስረዳት ከግኝቶቹ እኩል ጊዜ ሊሰጠው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ጡረተኛ የጤና መኮንን፦

እውነት ነው፣ ልጄ። መምህር፣ በዝግጅቱ መጨረሻ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ይዘውት የሚሄዱት ነገር ከፈለጉ ይህን ያስተምሯቸው፦ ከቀሪው ቆዳ የነጣ ወይም የቀላ፣ የማያሳክክ ነጠብጣብ ያለበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በተፈተለ ጥጥ ጫፍ ሲነካ ቦታውን መጠቆም ካልቻለ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ እንደ በሽታው ዓይነት የሚወሰደው ለ6 ወይም ለ12 ወር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አብረውት ለሚኖሩ ሰዎች ምርመራ ተደርጎ አንድ ጊዜ የሚወሰድ ሪፋምፒሲን እንዲሰጣቸው ይመክራል፤ ይህም ሳይታመሙ ተሐዋሲውን የተሸከሙትን ለመድረስ ነው። ክበቡ በአዘዞ ጤና ጣቢያ ካለ ባለሙያ ጋር ሆኖ ፈተናውን በተግባር ማሳየት ቢፈልግ እኔ መጥቼ አግዛለሁ።