ሥር የሰደደ አስተሳሰብን በምን መተካት ይቻላል?

ጠያቂዋ (ከቱሉ ዲምቱ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ ቃሊቲ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሰሞኑን የክፍሉን ኃላፊነት እንድረከብ ጥያቄ ቢቀርብልኝም፣ «አንቺ ሰው ፊት ቆመሽ መናገር አይሆንልሽም» የሚለው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁት ያደግሁት ቃል፣ ገና አፌን ሳልከፍት ስለሚቀድመኝ እስካሁን መልስ አልሰጠሁም። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ «እችላለሁ» እያልሁ ብደጋግምም ሐሳቡ ባሰበት እንጂ አልተወኝም። እንዲህ ያለውን አስተሳሰብ በሌላ መተካት በእርግጥ ይቻላል? ከተቻለስ ከየት ይጀመራል?

መልስ (ከኮዬ ፈጬ)፦
እህቴ፣ ሐሳቡ የባሰው እርስዎ ስለሰነፉ አይደለም። ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት፣ ተሳታፊዎቹ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡም ደወል እንዲደውሉ ተነገራቸው፤ ደወሉ ግን መደወሉን አላቆመም፤ በኋላ እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸውም፣ ከመጀመሪያው ከተፈቀደላቸው ሰዎች ይልቅ ድቡ በብዛት ይመጣባቸው ነበር። ስለዚህ ሐሳብን በግድ ማባረር አያዋጣም፤ ልብ ያላመነበትን ተቃራኒ ቃል መደጋገምም፣ በእኔ ግምት፣ ብዙ አያራምድም።

የሚያራምደው መፈተን ነው። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያዳበረው ሕክምና፣ በድንገት ብቅ የሚልን ሐሳብ እንደ ተረጋገጠ እውነት ሳይሆን እንደ ግምት እንድንመለከተው ያስተምራል። ደብተር ይያዙና ሐሳቡ የመጣበትን አጋጣሚ፣ ሐሳቡን ቃል በቃል፣ እንዲሁም «ይደርስብኛል» ብለው የሚፈሩትን ነገር ይጻፉ፤ ከዚያ ፍርሃቱን የሚፈትን አንድ ትንሽ ነገር ያድርጉና በእርግጥ የሆነውን ከጎኑ ያስፍሩ። «እዋረዳለሁ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ሊመዘን የሚችለው «ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ሰዎችም ይስቁብኛል» ተብሎ ሲጻፍ ነው።

መልስ (ከአቃቂ)፦
ልጄ፣ ከላይ የተሰጠሽ ምክር መልካም ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ተዘልሏል። እኔ በሒሳብ ሥራ ላይ ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ፍርሃት ሁሉ ከአስተዳደግ የመጣ አይደለም። የክፍል ኃላፊ የወሩን ሪፖርት ለሥራ አስኪያጁ ያስረዳል፣ ኦዲተር ሲመጣም ፊት ለፊት የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ይህን ሠርተሽ የማታውቂ ከሆነ «አልችልም» የሚለው ሐሳብ ግማሹ እውነት ነውና፣ መድኃኒቱ ደብተር ሳይሆን ሥራውን ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ መማር ነው። ወላጆችሽ ላይም አትፍረጂ። በእኛ ጊዜ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለቱ ጨዋነት ነበር፤ ያቺው ልጅ አድጋ ስብሰባ እንደምትመራ ማን ገመተ?

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አባቴ፣ ያሉት ልክ ነው፤ ኦዲተር ፊት ቀርቤ አላውቅም። እሑድ ዕለት የብሎካችን ነዋሪዎች ስለ ውኃ ሮቶው ሲሰበሰቡ፣ የምፈራውን አስቀድሜ ጽፌ ሄድሁና፣ ለፓምፑ ጥገና የተዋጣው ገንዘብ በደረሰኝ እንዲወራረድ እጄን አውጥቼ ጠየቅሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ የሳቀ ግን አልነበረም፤ እንዲያውም አንድ ጎረቤታችን ሒሳቡን መርምሬ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዳቀርብ ጠየቁኝ። ሆኖም ማታ ስተኛ ያው ሐሳብ ተመለሰ። ልፋቴ ከንቱ ነውን?

መልስ (ከኮዬ ፈጬ)፦
ከንቱ አይደለም። ቀድሞ የተማርነው ነገር አይፋቅም፤ አዲሱ ከጎኑ ሆኖ ይጠነክራል እንጂ፤ በተለይ ሲደክመን አሮጌው ቀድሞ ይደርሳል። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ያካሄዱት ጥናት የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ልማዶችን የሚመለከት ቢሆንም መጠኑን ያሳያል፤ አዲስ ልማድ ያለ ማሰብ እስኪከናወን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሲሆን፣ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ሐሳቡ እንቅልፍና ምግብ እስከ መከልከል ከደረሰና ሳምንታት ከቆየ ግን ደብተሩን ይዘው ወደ ባለሙያ ይሂዱ።

የጎረቤትዎን ጥያቄ ይቀበሉ፤ የፓምፑን ሒሳብ ማቅረብ ከኦዲተር ጥያቄ በፊት ጥሩ ልምምድ ነው። ለአለቃዎም «እቀበላለሁ፤ የመጀመሪያውን ወር መዝጊያ ግን ከቀድሞው ኃላፊ ጋር አብሬ ልሥራ» ቢሏቸው፣ አባታችን ያነሡት ግማሽ እውነትም መልስ ያገኛል።