ቴፑ 50 ዋት፣ ስፒከሩ 300 ዋት ይላል፤ ይስማማሉ?

የኋላ ወንበር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የመኪናዬ የፊት በር ስፒከሮች አለቀላቸው። የግራውን ስፈታው የዳሩ ስፖንጅ እጄ ላይ ፍርፍር አለ። ቴፑ ላይ 50 ዋት በ4 (ለአራት ስፒከር፣ ለእያንዳንዱ 50) ተብሎ ተጽፏል። ልገዛ ያሰብኩት ስፒከር ደግሞ ካርቶኑ ላይ በትልቁ 300 ዋት ይላል። ቴፑ አይችለውም ብዬ ፈራሁ። የድሮው ስፒከር 4 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋሚያው ልክ) ነው፤ ጓደኛዬ ግን "2 ኦም ግዛ፣ በደንብ ይጮሃል" አለኝ። እኔ መኪናው እንዲንቀጠቀጥ አልፈልግም። አባቴ ከኋላ ተቀምጦ ዜና ሲሰማ ቃሉ ጥርት ብሎ እንዲለይለት ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሽቦ አያያዥ፦
ወንድሜ፣ ሁለቱንም ትልልቅ ቁጥሮች ተዋቸው። የቴፑ 50 ዋት ለቅጽበት ብቻ የሚወጣ ነው። ሳያቋርጥ የሚሰጠው አርኤምኤስ የሚባለው ነው፤ የአብዛኛው ቴፕ በአንድ ስፒከር ከ14 እስከ 22 ዋት ገደማ ነው። የስፒከሩ 300ም እንደዚያው ነው። ካርቶኑን ገልብጠህ በትንንሹ የተጻፈውን አርኤምኤስ ፈልግ። ከቴፑ ቢበልጥ አትደንግጥ፣ ምንም አይሆንም። ስፒከር የሚያቃጥለው ደካማ ቴፕን እስከ ጥግ ማስጮህ ነው። ድምፁ መሰንጠቅ ከጀመረ ቶሎ ቀንስ፣ መጀመሪያ የምትሄደው ቱዊተሯ፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር ናት።

ላንተ ዋናው ሴንሲቲቪቲው፣ ማለትም ስፒከሩ በተሰጠው ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ ነው። በዲሲቤል ይጻፋል። 88 እና 91 ካገኘህ፣ ሁለቱም በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት የተለኩ ከሆነ፣ 91ን ውሰድ። እሱ በ10 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ለማውጣት 88ቱ 20 ዋት ይፈልጋል። ትንሽ አቅም ላለው ቴፕ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

2 ኦሙን ግን እባክህ ተወው። የቴፑ መመሪያ ከ4 እስከ 8 ኦም ካለ፣ 2 ኦም ከአቅሙ በላይ ይስብበታል። ውስጡ ያለው ቺፕ ይግላል፤ ወይ ድምፁን ይቆርጣል፣ ወይ ጭራሹን ይቃጠላል። ሁለት 4 ኦም ስፒከሮችን በአንድ መስመር ጎን ለጎን ብታስርም ያው 2 ኦም ነው የሚሆነው።

ዳሽቦርድ፦
ኢንቹ ገጠመ ብለህ ደግሞ አትቸኩል፣ ጥልቀቱንም ለካ። እኔ 6.5 ኢንች ገዝቼ፣ አስሬ ጨርሼ፣ መስታወቱን ሳወርደው ቀጭ! ማግኔቱ ላይ አረፈ። በሩን እንደገና ፈትቼ ከስፒከሩ ሥር ወፍራም ቀለበት አስገባሁ። አንተ መስታወቱን እስከ መጨረሻው አውርደህ፣ ከበሩ ብረት እስከ መስታወቱ ያለውን ለካ። የስፒከሩን ኔጌቲቭ ሽቦ ደግሞ ቦዲ ላይ እንዳታስር፤ የዘንድሮ ቴፕ ይበላሽብሃል።

የኋላ ወንበር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርቶኑን ገለበጥኩት፦ አርኤምኤስ 60፣ 91 ዲሲቤል፣ 4 ኦም። ጥልቀቱም በቃኝ። ዛሬ ገጠምኳቸው፤ ግን ሁለቱም ሲሠሩ ቤዙ ጠፋ። የግራውን ብቻ ሳሰማው አለ!

ሽቦ አያያዥ፦
አንዱን ገልብጠህ አስረኸዋል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙ እዚያው ይጣፋል። ሽቦውን ከቴፑ ንቀልና 1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ አስነካው። የባትሪው ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ፖዘቲቭ ከገጠመ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ይገፋል።

የኋላ ወንበር፦
የቀኙ ወደ ውስጥ ገባ። አገላብጬ አሰርኩት፣ ቤዙ መጣ። አባቴ አሁን ቮልዩሙን ራሱ ቀንስ እያለኝ ነው።