ለ14 ዓመት ልጅ የጥርስ ሽቦ ወይስ ግልጽ አላይነር?

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ የፊት ጥርሶቿ ተደራርበው ስለበቀሉ፣ ሐኪሟ ሽቦም ሆነ ግልጽ አላይነር (ጥርስ ላይ የሚጠለቅና የሚወልቅ፣ ጥርስን ቀስ በቀስ የሚያስተካክል ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን) ሊሠራላት እንደሚችል ነግረውናል። እሷ የማይታየውን ትመርጣለች፤ እኔ ግን ዕቃ የምትጥል ልጅ መሆኗ ያሳስበኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። አላይነር ውጤት የሚሰጠው በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ ሲቆይ ሲሆን፣ ለምግብና ለጥርስ ማጽዳት በወለቀ ቁጥር ሊረሳ ወይም በሶፍት ተጠቅልሎ ሊጣል ይችላል፤ ልጄ ሁለት ጊዜ እንዲሁ አድርጎ ሕክምናው ተራዝሞበታል። ሽቦ ከጥርስ ጋር ስለሚጣበቅ በልጁ ማስታወስ ላይ አይመሠረትም።

መልስ 2፦ ሽቦም ቢሆን ትጋት ይፈልጋል። በዙሪያው የሚከማቸው ቆሻሻ በሚገባ ካልጸዳ ጥርሱ ላይ ነጭ ምልክት ይተዋል፤ ጠንካራ ምግብም ሊያስለቅቀው ይችላል።

መልስ 3፦ ከልጅቷ ጠባይ በፊት የጥርሶቿ ሁኔታ ቢጠየቅ ይሻላል። በጣም የዞረ ወይም በድድ ውስጥ ቀርቶ ተስቦ መውጣት ያለበት ጥርስ ካለ፣ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ቁጥጥር ይሰጣል። ጉዳዩ ቀላል መደራረብ ብቻ ከሆነ ግን ምርጫዋን ቢያከብሩላት አልቃወምም፤ ራሷ የመረጠችውን ለማድረግ ብዙም አትለግምም። የትኛውንም ብትመርጡ፣ ጥርስ ወደ ቀድሞ ቦታው የመመለስ ዝንባሌ ስላለው፣ ከሕክምናው በኋላ ስለሚደረገው ሪቴነር (የተስተካከለው ጥርስ በቦታው እንዲቆይ የሚይዝ መሣሪያ) ሐኪሟን አስቀድመው ይጠይቁ።