አንብቦ ለወረደ ሰው እዚያው አስተያየት ይሰጠው ወይስ ይቅር?

አዘጋጁ፦ ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ እዚህ ባሕር ዳር፣ ጣና ሐይቅ አጠገብ በነበረን የግጥም ምሽት አንዲት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበች። ገና ማይኩን ሳትመልስ አንዱ ተነስቶ «ይሄ የስልክ መልእክት እንጂ ግጥም አይደለም» አለ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ተመዝግበው የነበሩ ሰዎች «ስማችንን ሰርዝልን» እያሉኝ ነው። እዚያው የሚሰጥ አስተያየት ይከልከል? ተከራከሩበት።

የፔዳ ልጅ፦ ይከልከል! ምኑ ያከራክራል? ያ ሙድ መያዝ ነው። እዚህ ከተማ ስንቱ «ሰው ምን ይለኛል» እያለ ደብተሩን ፍራሽ ሥር ደብቆ እንደሚኖር ብታውቁ።

ዲያቆን፦ እኔ አይከልከል ባይ ነኝ። ቅኔ ቤት ለኖርን ሰዎች ይሄ ይገርማል። ጀማሪ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። ብቻውን ጥግ ይዞ ሲያወጣ ሲያወርድ ይቆይና የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ ጓደኞቹ እየሰሙት። ግሡ ከተበላሸ ወይ ቤቱ ካልመታ እዚያው ይታረማል፣ በነጋታው ሌላ ይዞ ይመጣል። ፍርሃት የሚለቀው እንዲህ ነው።

ሠዓሊዋ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ግን አንድ ነገር ዘለልክ። የኔታ የሚያርሙት ግሡን ነው፣ ልጁን አይደለም። ደግሞ ሁሉም ይታረማል፣ ዛሬ አንተ ነገ እሱ። የቅዳሜው ሰውዬ ግን አንድ ቀን እንኳ መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ማኪያቶውን ይዞ ነው የሚፈርደው።

ማሲንቆ ወዳጅ፦ አቦ አታካብዱ። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ እዩ። እንግዳው ራሱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ ግማሹ ቤት አይመታም፣ አዝማሪው ግን ተቀብሎ ያዜምለታል። ሰው ይስቃል፣ ሰጪውም አብሮ ይስቃል። ማን ሞተ?

ዲያቆን፦ እዚያማ ሁሉም ሞቅ ብሎታል ሃሃ።

የፔዳ ልጅ፦ ሳይኮሎጂ ስለምማር ልጨምር። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ተማሪዎችን የሚያሳፍር ቲሸርት አልብሰው ሌሎች የተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው። ልጆቹ ክፍሉ ውስጥ ከነበረው ሰው ግማሽ ያህሉ ቲሸርቱን ያስተዋለ መስሏቸው ነበር፣ ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ነው። መድረክ ላይም እጃችን ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ያየን ይመስለናል እንጂ ብዙው ሰው ስልኩን እየነካካ ነው።

ሠዓሊዋ፦ እሱ ሳይስቁብሽ በፊት ላለው ፍርሃት ይሠራል። ልጅቷ ግን መስሏት አይደለም፣ ስቀውባታል። በእርግጥ ዝምታም መድኃኒት አይደለም። እኔ ሥዕሌን ጀልባ መሳፈሪያው አካባቢ ዘርግቼ ነው የምሸጠው። ወደ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሊያይ የሚሻገረው እንግዳ ቆሞ ያይና ምንም ሳይል ይሄዳል፣ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፊት ሳነብ እውላለሁ፣ ይሄኛው ናቀኝ፣ ያኛው አዘነልኝ እያልኩ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ቆመው «የመልአኩ ግራ እጅ ከቀኙ አጥሯል» ብለውኝ ሄዱ። አየሁት፣ እውነትም አጥሯል። ደስ አለኝ! ቢያንስ እጁን አይተውታል። ስለዚህ አንባቢው ራሱ ይምረጥ፣ አስተያየት የፈለገ ሲመዘገብ ይናገር። ተናጋሪውም የትኛው መስመር እንደሆነ ጠቅሶ ይናገር።

የፔዳ ልጅ፦ እንደሱ ከሆነ ሁሉም «አልፈልግም» ነው የሚለው።

ዲያቆን፦ መጀመሪያ ይበል። ሦስተኛው ወር ላይ ራሱ «እንዴት ነበር?» እያለ ሰው ጃኬት ይጎትታል።

ሻይ በሎሚ፦ የቅዳሜው ሰውዬ እኔ ነኝ። የተናገርኩትን አልመልስም፣ ግጥሙ የስልክ መልእክት ነበር። አንብቦ የማያውቅ አይናገር ነው የምትሉት? እሺ፣ ስሜን መዝግቡ።

አዘጋጁ፦ ተመዝግበሃል። የመጀመሪያው አንባቢ ነህ። አስተያየት ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም? አሁኑኑ ንገረኝ፣ ወረቀቱ ላይ ልጻፈው።