ያረጀ ፍሪጅ ይጠገን ወይስ ይቀየር? (ጥቆማ፣ ባሕር ዳር)

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። አባይ ማዶ ነው የምኖረው። ፍሪጃችን 14 ዓመቱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያድራል፣ ጠዋት ግን ወተቱ ለብ ብሎ አገኘዋለሁ። አንዱ ባለሙያ «ጋዝ አልቋል፣ ልሙላው» አለኝ። ሌላው «ሞተሩ አልቆለታል፣ አዲስ ግዢ» አለ። ማንን ልመን? ቤት የሚመጣ ይሻላል ወይስ ሱቅ ልውሰደው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም ቶሎ አትመኚ። እኔ በዚህ ነገር ተቃጥያለሁ።

የፍሪጅ ጋዝ እንደ ቡታጋዝ እየነደደ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፤ የውስጡን ሙቀት ተሸክሞ በጀርባ ያወጣና ይመለሳል። ከጎደለ የሆነ ቦታ ሾልኳል። የእኛን ፍሪጅ አንድ ሠራተኛ በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሞላው፣ ሦስቴም ከፈልን። በመጨረሻ ለፋሲካ የገዛነው ሥጋ ተበላሸ። ሌላ ሰው ጠራን። እሱ ከኋላ የመዳቡን ብየዳ በሳሙና ውኃ ቀባው። አንድ ቦታ ላይ ደቃቅ አረፋ ቱፍ ቱፍ ስትል አሳየን። ዙሪያው አቧራ የያዘ ዘይትም ነበር። ቀዳዳውን በየደው፣ እርጥበትና ቆሻሻ የሚይዘውን ፊልተር ቀየረ፣ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩን አወጣ፣ ከዚያ ሞላ። ይኸው አራት ዓመቱ።

ስለዚህ «የት ነው የሚያሾልከው? ፊልተር ትቀይራለህ? ቫኪዩም ፓምፕ አለህ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ከጠፋበት አመስግነሽ ሸኚው። ከጀርባው የተለጠፈውንም አንብቢ። አር-600ኤ የሚል ከሆነ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ ጋዙ ሳይወጣ እሳት አይቀርበውም፣ ከሰል ባለበት ማዕድ ቤትም አይጠገንም።

ቤት የሚመጣው ለሪሌይ (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ)፣ ለቴርሞስታት (የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያው) እና ለበር ጎማ ይበቃል፣ የማጓጓዣም ይተርፍሻል። ሞተር በየደቂቃው ቀጭ እያለ ካልተነሳ ብዙ ጊዜ ሪሌይ ነው፣ ርካሽ ዕቃ ነው። ብየዳና ሞተር መቀየር ከሆነ ግን ሙሉ መሣሪያ ያለው ሱቅ እመርጣለሁ። እዚያ አንድ ቀን ሠርቶ ሲያድር አይተሽ ትረከቢያለሽ።

ሰው ከመጥራትሽ በፊት ግን በሩ ላይ ወረቀት አስገብተሽ ዝጊና ሳቢው። ሳይይዝ ከወጣ ጎማው ላልቷል። ፍሪጁን ከሶኬት ነቅለሽ የጀርባውንም አቧራ ጥረጊ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት አቧራ የለበሰ ፍሪጅ ምንም ማድረግ አይችልም።

የምቀይረው መቼ ነው? ሞተሩ ከሞተ፣ ወይም ማሾለኩ በፍሪጁ ግድግዳ ውስጥ፣ በፎሙ መሃል ከሆነ። በ14 ዓመት ዕቃ ላይ የአዲሱን ግማሽ ዋጋ የሚጠይቅ ጥገና አላሠራም። አዲስ ስትገዢ ዋስትናውን በጽሑፍ ያዢ። ኢንቨርተር የሚባለው (የሞተሩን ፍጥነት እንደ አስፈላጊነቱ የሚቀያይረው) ፍሪጅ መብራት ይቆጥባል፤ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ከተቃጠለ ግን መለዋወጫው አስቸጋሪ ነው፣ ያለ ቮልቴጅ መከላከያ አትሰኪው። ያገለገለ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት አስሠሪው፤ ቱቦው ላይ አዲስ ጥቁር ቀለም ካየሽ ብየዳ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል።

መብራት ሄዶ ሲመጣም ወዲያው አትሰኪው። አምስት ደቂቃ ታገሺው፣ ሞተሩ ተጨንቆ እንዳይነሳ።

ሌላ መልስ፦ እኔ ከባሕር ዳር ገዝቼ ደብረ ማርቆስ ወስጃለሁ። አስተኝተው ጫኑት። ሻጩ «አቁመሽ አሳድሪው፣ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ይመለስ» ብሎኝ ነበርና ማግስቱን ሰካሁት። ደህና ነው።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ወረቀቱን ሞከርኩት። ከላይ በደንብ ያዘ፣ ከታች በኩል ግን ምንም ሳይታገለኝ ወጣ። ከጀርባው ያወጣሁት አቧራ ደግሞ አንድ ፌስታል ሞላ። ነገ የጎማ ሰው እጠራለሁ። ጋዙን አላስነካም።