«መታሸት እኛ አገር አይታወቅም ነበር» ላሉት ሰውዬ

ወለምታው፦ ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ላይ አንድ የስፓ ባለቤት «ሳይንሳዊ ማሳጅ ከስዊድን ነው የመጣው፣ እኛ አገር መታሸት አይታወቅም ነበር» ሲሉ ሰማሁ። አይታወቅም?! ታዲያ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ብሎ የተረተው ማነው፣ ስዊድኖች? እግር በቅቤ የማይታሽበት አገር ይሄ ተረት ከየት ይወጣል በናታችሁ

ፊዚዮዋ፦ ተረት ማስረጃ ሆነ ደሞ 😂 ሰውዬው እኮ «ሳይንሳዊ» ነው ያሉት፣ ቃሏን ምነው ዘለልካት?

ወለምታው፦ አልዘለልኳትም። የ«ስዊድን ማሳጅ» አባት የሚሉት ሊንግ የጎራዴ ስፖርት አስተማሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1813 ስቶክሆልም የከፈተው የጂምናስቲክ ተቋም ነው። ዛሬ ስፓ ውስጥ በፈረንሳይኛ ስም የሚጠሩት ማሻሸት፣ መጭመቅ፣ ቸብ ቸብ ማድረግ የሚያያዙት ከሆላንዳዊው ሐኪም ከሜዝገር ጋር ነው። የስዊድኑ ራሱ የስዊድን አይደለም!

ጉለሌ፦ ግብፅ ሳቃራ የአንክማሆር መቃብር ግድግዳ ላይ እጅና እግራቸውን የሚታሹ ሰዎች ተቀርጸዋል፣ ከ4,000 ዓመት በላይ ሆኖታል

ፊዚዮዋ፦ ጥፍራቸው እየተሠራ ነው የሚሉም አሉ። ስለ ወጌሻ ግን እኔን አታስወሩኝ። የእህቴ ልጅ ከሳይክል ወድቆ ወጌሻ ጋ ወሰዱት፣ የተሰበረውን እጅ አሽቶ አሽቶ በቀርከሃ ጥፍር አድርጎ አሰረው፣ በማግስቱ ጣቶቹ ጠቁረው ቀዝቅዘው አገኘናቸው። ለትንሽ ነው እጁ የተረፈው። ሳይንሳዊ ማለት ይሄ እንዳይሆን ነው

የጎጃም ልጅ፦ እግዜር ይማረው ግን እሱ ስብራት ነው፣ እኛ የምናወራው ስለ ወለምታ። አያቴ መጀመሪያ በጣቷ ዳስሳ ስብራት ከመሰላት አልነካም ትል ነበር፣ ካልሆነ ቅቤውን በእጇ ሙቀት አቅልጣ ከጣት ወደ ላይ ወደ ላይ ነው፣ ቁልቁል አታሽም። ደሞ ኳስ ሜዳ ላይ ስፕሬይ ይዞ የሚሮጠውን ሰውዬ ጋዜጠኞቻችን ማን ነው የሚሉት? ወጌሻ! ፊዚዮቴራፒስት ሲል የሰማችሁ?

ፊዚዮዋ፦ እኔ ሰምቻለሁ

የጎጃም ልጅ፦ አንቺማ ራስሽን ስትጠሪ ነው የሰማሽው 😂

ጉለሌ፦ ዋናው ችግር እኮ ስሙ ነው፣ ማሳጅ ቤት ሄድኩ ብለህ ለሚስትህ ንገራት እስቲ

ፊዚዮዋ፦ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. በ1894 የማሳጅ ቤቶች ቅሌት የሐኪሞች መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር፣ የዛኑ ዓመት ነርሶችና አዋላጆች የሠለጠኑ አሺዎች ማኅበር አቋቋሙ፣ የዛሬው የእንግሊዝ ፊዚዮቴራፒ ማኅበር ከዛ ነው የመጣው። እኛ ፈተናና ፈቃድ ስንል ለዚህ ነው

ወለምታው፦ አየሽ፣ ሥራው መጀመሪያ ነበረ፣ ማኅበሩ ነው በኋላ የመጣው። ከማኅበሩ በፊት የነበረችው አሺ ምንድናት? «ሳይንሳዊ» አይደለችም? እና ምን ነበር ስታሽ የዋለችው፣ ሊጥ?

ፊዚዮዋ፦ የተሰበረ እጅ ካልሆነ ችግር የለብኝም አልኩ እኮ!

የጎጃም ልጅ፦ መቼ አልሽ? ከላይ አንብቢው

ወለምታው፦ በዛው ግን ከታክሲ ስወርድ ቁርጭምጭሚቴ ወለም ብሎኝ አብጧል፣ መገናኛ አካባቢ ጥሩ ወጌሻ የምታውቁ?

ፊዚዮዋ፦ ራጅ ተነስተሃል?